ደንገጎን ስወርድ ባትሪዬ ለምን አይሞላም?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከድሬ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ቤቴ ሳቢያን ነው፣ ስራዬ ሐረር። በቅርቡ አይዲ 4 የሚባለውን የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው በሐረርና በድሬ መሃል ያለውን የደንገጎን ተራራ ስትወርድ ባትሪው ራሱን ይሞላል ብሎኝ ነበር። እኔ የማየው ሌላ ነው። ከድሬ ደንገጎ ጫፍ እስክደርስ 9 ፐርሰንት ይበላብኛል፣ ስወርድ የሚመልስልኝ 3 ብቻ። አንዳንዴ ሐረማያ እህቴ ጋ አድሬ፣ እዚያው ቻርጅ አድርጌ ስመለስ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይመልስም። መኪናው ይሸሸኛል፣ የፍሬን ሸራው ይሸታል። ተበላሽቶ ይሆን?»

ወንድሜ፣ ከነገርከኝ ተነስቼ መኪናህ የተበላሸ አይመስለኝም። 3 ፐርሰንቱ ልክ ነው። የሐረማያው ነገር ግን አሳስቦኛል፣ እሱን ረጋ ብለህ አንብብልኝ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንስራ። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎ ጫፍ ወደ 2000 ይጠጋል። መኪናህ ከነሰዉ ከ2 ቶን ያልፋል። ይህን ክብደት 800 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻውን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የሚታገለው፣ ንፋሱን ለመግፋት የሚወጣው፣ ሞተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚቀረው ሲጨመር 7 ይሞላል። ባትሪህ 77 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው ዓይነት ከሆነ 9 ፐርሰንት ማለት ነው። ያየኸው ቁጥር ይኸው።

አሁን እንውረድ። ያ 5 ኪሎዋት ሰዓት ከፍታው ላይ ተቀምጦልሃል። ግን ገና መውረድ ስትጀምር መንገዱ ድርሻውን ይወስዳል። ለጎማና ለንፋስ 1 ተኩል ያህል ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫውን ሳትረግጥ የምትሄደው በዚህ ሂሳብ ነው። የተረፈውን ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ባትሪ ይመልሰዋል፣ ሪጀነሬሽን የሚሉት ይህንን ነው፣ ግን ሁሉም አይገባም። ከሦስት እጅ ሁለቱ ከገባ ጥሩ ነው። ስለዚህ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 2 ከምናምን ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ 3 ፐርሰንት ገደማ።

የሸጠልህ ሰው «ይሞላል» ማለቱ ከልክ ያለፈ ነው። ቢሆንም 3ቱን አትናቃት። ነዳጅ መኪና ያንኑ ጉልበት በሸራና በሞተር ሙቀት አቃጥሎ ነው ድሬ የሚገባው። ያንተ ደርሶ መልስ 9 በልቶ 3 መለሰ፣ የተጣራው 6 ነው። ያንኑ ርቀት በሜዳ ብትነዳው እንኳ ወደ 5 ይበላ ነበር። ያን የሚያህል ተራራ ወጥተህ ወርደህ የከሰርከው አንድ ፐርሰንት አካባቢ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ስኖር ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ሂሳብ የለም።

ወደ ሐረማያ እንምጣ። እህትህ ጋ ስታድር እስከ 100 ትሞላዋለህ ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ ደንገጎ ድረስ ብዙ መንገድ ስለሌለ ጫፉ ላይ ስትደርስ ባትሪው ገና ጢም እንዳለ ነው። በሞላ እንስራ ላይ ውሃ ብትጨምር ይፈሳል እንጂ አይገባም። ባትሪው አልቀበልም ሲል ኮምፒውተሩ ሪጀነሬሽኑን ይቀንሰዋል ወይም ጨርሶ ያቆመዋል። በህዳርና በታህሳስ ማለዳ ደግሞ የሐረማያ ብርድ ባትሪውን ስለሚያቀዘቅዘው ይብሱን አይቀበልም። መኪናው «ሸሸኝ» ያልከው ለዚህ ነው። የለመድከው መያዣ የለም፣ ሸክሙ ሁሉ ሸራው ላይ ወድቋል።

አቦ ይሄ ቀልድ አይደለም። ነዳጅ መኪና ቢሆን በከባድ ማርሽ ትይዘው ነበር። ያንተ መኪና አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ባትሪው ሞልቶ ሸራው ከጋለ ሌላ መያዣ የለህም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሐረማያ ስታድር ቻርጁን 80 ላይ እንዲያቆም አድርገው። መኪናው ውስጥ ማስተካከያው አለ። ድሬ ለመድረስ ከበቂ በላይ ነው፣ ለባትሪው ዕድሜም ይበጃል። ተሳስተህ ሞልተኸው ከተገኘህ ግን ገና ከጫፉ ጀምሮ ዝግ በል። ፍሬኑን እየዳሰስክ አትውረድ። ኩርባው ሳይደርስ ጠበቅ አድርገህ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከዚያ ልቀቀውና ሸራው ይተንፍስ። ከአወዳይ ጫት የጫነ መኪና ከኋላህ ጥሩምባ ቢነፋብህ ዳር ይዘህ አሳልፈው።

ስለ ማርሽ መምረጫውም ልንገርህ። «ዲ» ላይ እግርህን ስታነሳ መኪናው ይንሸራተታል፣ «ቢ» ላይ ግን ራሱ ይይዛል። ለደንገጎ «ቢ» ይሻልሃል። «ዲ» ላይ ሆነህ ፍሬን ብትረግጥም ቀስ ብለህ እስከሆነ ድረስ መጀመሪያ የሚይዘው ሞተሩ ነው፣ ሸራው የሚገባው ጠንከር ስትል ነው። ስለዚህ በዚህ የሚባክንብህ ብዙ የለም። ፎሌ ግን በፍጹም! በነዳጅ መኪና ዘመን ቁልቁለትን በፎሌ መልቀቅ ቁጠባ የሚመስላቸው ነበሩ። በኤሌክትሪክ መኪና ፎሌ ካደረግክ ሞተሩ አይይዝም፣ ባትሪው ጋ ምንም አይደርስም፣ መኪናውም ባዶውን ይሮጣል።

በራስህ እጅ ፈትሸው። ጫፉ ላይ 80 ወይም ከዚያ በታች ይዘህ «ቢ» ላይ ውረድ። ታች ስትደርስ ዳር ይዘህ ቁምና መዳፍህን ከፊት ጎማው አጠገብ አድርግ። ዲስኩን እንዳትነካ፣ በጎማው ቸርኬ ክፍተት የሚወጣውን ሙቀት ብቻ አዳምጥ። ሪጀነሬሽኑ ከሠራ ለስላሳ ሙቀት ነው። ካልሠራ እንደ ምጣድ ይለበልባል፣ ሽታው ሳትጎነበስ ይደርስሃል።

ከተማ ውስጥ ከከዚራ መጋላ ስትመላለስ ሪጀነሬሽኑ በየማቆሚያው ትንሽ ትንሽ ይመልሳል። የድሬ ሙቀት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ኤሲው በሰዓት ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ሊበላ ይችላል። ደንገጎ ላይ ያገኘሃትን 3 ፐርሰንት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሳታል ማለት ነው። ጥላ ስር አቁም፣ ቻርጅ ላይ እንዳለ አስቀድመህ አቀዝቅዘው። የጎማውን ንፋስ በጠዋት፣ ሳይሞቅ አስለካ።

80 ይዘህ፣ «ቢ» ላይ ወርደህ፣ አሁንም ምንም ካልመለሰና ጎማው ከጋለ ያኔ ችግር አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ ማስጠንቀቂያ ካለ ፎቶ አንሳውና በኮምፒውተር የሚፈትሽ ባለሙያ ጋ ውሰደው። ብርቱካናማ ገመዶቹን ማንም ሰው እንዲነካካ አትፍቀድ፣ ውስጣቸው ያለው ኤሌክትሪክ ይገድላል። ጫፍ ላይና ታች ላይ ያነበብከውን ፐርሰንት ለሦስት ቀን ጽፈህ ላክልኝ።