«የአባቴ እርጅና ነው ወይስ ሕመም?»

ጥያቄ፦ የ74 ዓመቱ አባቴ እናታችን ካረፈች ወዲህ ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለት ወር ሙሉ ወገባቸውንና ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅተው ያድራሉ፣ ከብቶቻቸውንም ለጎረቤት ትተዋል። ወንድሜ «እርጅና ነው» ይላል። ከተማ ላምጣቸው ብል እንቢ አሉኝ።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በወንድምሽ ሐሳብ አልስማማም። እርጅና ጉልበት ይቀንሳል እንጂ በሁለት ወር ውስጥ ሰውን ከእንቅልፉም ከሥራውም አይነጥልም። ድባቴ (ዲፕረሽን)፣ ማለትም ለሳምንታት የሚዘልቅ የመከፋትና ፍላጎት የማጣት ሕመም ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ድባቴ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» አይልም፤ የሚናገረው ስለ ወገቡና ስለ ሆዱ ነው።

ስለዚህ «የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ» ብለሽ አትጀምሪ። ወገባቸው በእርግጥ ያማቸዋልና በዚያው ምክንያት አቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ይህ ማታለል አይደለም፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) መዛባትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራው የግድ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከሰው የተዋሱትንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ። እንቅልፋቸውና ሥራቸው መቼ እንደተለወጠ የሚያስረዳ ሰው አብሯቸው ይግባ፤ እሳቸው አያነሱትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ፕሮግራም ድባቴን ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶችም እንዲያክሙት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ስፔሻሊስት የለም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ።

መድኃኒት ከታዘዘ ለአረጋውያን በዝቅተኛ መጠን ይጀመራል። ለውጡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ነው። ከተሻላቸው በኋላም ለወራት ይቀጥላል፤ ማቆሚያውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የታዘዘው አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የቆየ የድባቴ መድኃኒት ከሆነ ሲነሱ ማዞር፣ መውደቅና የሽንት መከልከል ሊያመጣ ስለሚችል ሌላ አማራጭ እንዳለ ጠይቂ። ለእንቅልፍ ተብሎ ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት መውሰድም ለመውደቅና ለመርሳት ያጋልጣል።

በስልክ «ደህና ነዎት?» ስትዪ መልሱ ሁልጊዜ «ተመስገን» ነው። ይልቅ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ደውለሽ «ትናንት ማታ ምን በሉ? ከቤትስ ወጡ?» በያቸው። ከብቶቹን ሁሉ አትመልሱባቸው፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት ላም ብቻ ያጠጡ። ደስ እስኪላቸው መጠበቅ አያዋጣም፤ ስሜቱ የሚነሣው ሥራውን ተከትሎ ነው። ወደ ከተማ ማምጣቱን ለጊዜው ተዪው፣ የቀራቸው ጎረቤትና ሥራ እዚያ ነውና።

«መኖር ሰለቸኝ» ካሉ ግን «ራስዎን ሊጎዱ አስበዋል?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይፈጥርባቸውም። «አዎ» ካሉ ብቻቸውን ሳይተዉ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይወሰዱ። የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ካለ መልሳቸውን ሳትጠብቁ ከቤት ይውጣ። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ግራ ከተጋቡና ሰው ካልለዩም ድባቴ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታከሙ።