«ግብታዊ» አጸግብሮት ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ፣ ነፃ ጉልበት የሚቀንስበትን አጸግብሮት (የኬሚካል ለውጥ) «ድንገተኛ» አልሁት። አንዲት ተማሪ «ድንገተኛ ከሆነ አልማዝ ለምን በድንገት ግራፋይት አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ባልደረባዬ «ግብታዊ» በለው ይላል። ስሕተቱ የቃሉ ነው ወይስ የእኔ? ንጥረ ነገሮቹ ከመለወጣቸው በፊት የሚሻገሩትን ከፍታስ «መሰናክል» ልበለው ወይስ «ማንቂያ ጉልበት»?

መልስ፦ ስሕተቱ የቃሉ ነው፤ ተማሪዎ ግን ልትመሰገን ይገባታል፤ ስያሜውን በአማርኛ ጆሮ ሰምታዋለችና። ድንገተኛ ዝናብ፣ ድንገተኛ እንግዳ፣ ድንገተኛ ሞት ስንል በሁሉም ውስጥ ጊዜ አለ፤ ነገሩ ሳይጠበቅ ከች አለ ማለታችን ነው። የኬሚስትሪው ጽንሰ ሐሳብ ግን ስለ ጊዜ አንዳች አይናገርም። የአውሮፓ ቋንቋዎች ስያሜውን የወሰዱት ከላቲኑ «ስፖንቴ» ሲሆን፣ ይህም «በገዛ ፈቃድ» ማለት ነው፤ «ሱዋ ስፖንቴ» የሚለው የሕግ አነጋገርም ማንም ሳይጠይቀው፣ በራሱ ተነሣሽነት ማለት ነው። ወዶ የሚሄድ ሁሉ ፈጥኖ ይሄዳል ማለት አይደለም፤ ወዶ ዘማችም ስንቁን እስኪሰንቅ ይቆያል።

የባልደረባዎ «ግብታዊ» ከዚህ ወጥመድ ያመለጠ ቢመስልም፣ ሥሩን ሲያዩት እዚያው ነው። ግእዙ «ግብት» ድንገት ማለት ነው፤ «በግብት» ሲልም በድንገት፣ ሳይታሰብ ማለቱ ነው። ስለዚህ ያው «ድንገተኛ» የግእዝ ካባ ደርቦ መጣ እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። እርግጥ ነው፣ በ1966ቱ አብዮት ዘመን «ግብታዊ እንቅስቃሴ» ሲባል መሪ ድርጅት የሌለው፣ ከውስጥ የፈለቀ እንቅስቃሴ ማለት ነበር፤ ይህም ከላቲኑ አሳብ ጋር በጣም ይቀራረባል። ቃሉ ከሥሩ ርቆ ሄዷል የሚሉኝ ሰዎች ማስረጃቸው ከእኔ ማስረጃ እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን ዛሬ «ግብታዊ ውሳኔ» ስንል ሳይታሰብበት ተቻኩሎ የተወሰነ ማለታችን ነው፤ ችኮላው አሁንም አልለቀቀውም። እኔ አልወደውም፤ ለሚጠቀምበት ግን «ተሳስተሃል» ለማለት አልደፍርም።

ሌላም ክርክር አለ፦ የሙያ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከፍቺው ነውና ተማሪው ፍቺውን ካጠና ስያሜው ምንም ቢሆን አይጎዳውም ይባላል። ይህ ለተመራማሪ እውነት ሊሆን ይችላል። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ስያሜው ከፍቺው ቀድሞ ይደርሳል፤ የተማሪዎ ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ «ነፃ ጉልበት» ልለፍ። በመጀመሪያ አጻጻፉ፦ ግእዙ «ነጽሐ» በጸሎቱ «ጸ» ነው፤ «ንጹሕ» ከእርሱ ወጥቷል፤ አማርኛው «ነጻ» እና «ነጣ» የእርሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በፀሐዩ «ፀ» መጻፉ ሥር የለውም። ጋዜጣውም፣ የመንግሥት ወረቀቱም፣ እርስዎም «ነፃ» እንደምትጽፉ አውቃለሁ፤ ክርክሩን ተሸንፌያለሁ፤ እኔ ግን በ«ጸ» እቀጥላለሁ። የሥሩ ጥቅም በፊደሉ ብቻ አያበቃም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1882 «ነጻ» ያለው ጉልበት «ከታሰረው» የተለየውን፣ ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለውን ነው። ዛሬ የኬሚስትሪ መጻሕፍት በብዛት የሚጠቀሙበት የጊብስ ነጻ ጉልበትም በዚያው መንገድ ይሰላል፤ ከጠቅላላው ሙቀት ይዞታ (ኢንታልፒ) ላይ የኢንትሮፒው (የጉልበትና የቅንጣቶች መበታተን መለኪያ) እና የሙቀት መጠኑ ብዜት ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። ተቀናንሶ የጠራ ማለት ነውና «ነጽሐ» ከማንኛውም ትርጉም በላይ ይስማማዋል። ተማሪ ግን «ነጻ»ን እንደ ነጻ ትኬት፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ አድርጎ ሊሰማው ስለሚችል አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ይጨምሩበት።

አሁን ወደ ከፍታው። «መሰናክል» አልመርጥም፤ መሰናክል ሌላ ሰው በመንገድ ላይ ያኖረው ነገር ነው፣ ሊነሣም ይችላል። እዚህ ያለው ግን የመንገዱ የራሱ መልክ ነው። ከሁለት ሸለቆዎች በአንዱ የቆመ መንገደኛ ወደ ሌላው ለመሻገር መካከል ያለውን ተራራ በጫፉ ላይ አይወጣም፤ ከሸንተረሩ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጎ በዚያ ያልፋል። ያ ቦታ በሸንተረሩ ርዝመት ሲታይ ዝቅተኛው፣ በመንገዱ ርዝመት ሲታይ ደግሞ ከፍተኛው ነው። አባቶቻችን ይህን ቦታ «በር» ብለውታል፤ ጣርማ በርን ያስቡ። ሳይንቲስቶቹ አይሪንግ፣ እንዲሁም ኢቫንስና ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የሽግግር ሁኔታ ያሉትም ቅርጹ ይኸው ነው፦ ኮርቻ የመሰለ፣ በአንድ በኩል የሚያዘቀዝቅ፣ በሌላ በኩል የሚያሻቅብ ቦታ። ስለዚህ «በር» እንዲባል አጥብቄ እመክራለሁ።

ይህ ስያሜ ከተያዘ የተማሪዎ ጥያቄ ራሱ ይፈታል። የነጻ ጉልበት ለውጥ የሁለቱ ሸለቆዎች፣ ማለትም የመነሻውና የመድረሻው ንጥረ ነገሮች፣ ከፍታ ልዩነት ነው፤ የትኛው ወገን እንደሚያመዝን ይናገራል። ፍጥነትን የሚወስነው ግን ከቆሙበት ሸለቆ እስከ በሩ ያለው አቀበት ነው። አልማዝም ግራፋይትም ካርቦን ናቸው፤ ከአልማዝ ወደ ግራፋይት መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነቱ በሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) 2.9 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ነገር ግን የካርቦኖቹን ትስስር ፈትቶ እንደ ገና ማያያዝ የሚጠይቀው በር እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የጣት ቀለበት ላይ ያለው አልማዝ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆቹን ያልፋል። ሃይድሮጂንና ኦክስጅንም አንድ ሞል ፈሳሽ ውኃ ቢሆኑ 237 ኪሎ ጁል ይወርዳሉ፤ የእሳት ብልጭታ እስኪያገኛቸው ድረስ ግን በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተቻችለው ይኖራሉ።

ግራ መጋባቱ የሚብሰው የሚዛኑና የፍጥነቱ ሕጎች አንድ መልክ ስላላቸው ነው። በ25 ዲግሪ የሸለቆዎቹ ልዩነት በሞል 5.7 ኪሎ ጁል በሰፋ ቁጥር የሚዛን ቋሚው (በሚዛን ጊዜ የውጤቱና የመነሻው ንጽጽር) በዐሥር እጥፍ ይለወጣል፤ የበሩ አቀበትም በዚያው በ5.7 ኪሎ ጁል ከፍ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ የሚለካው ከፍታ ይለያያል። ፍጥነትን ከበሩ ከፍታ በሚያሰላው በአይሪንግ ቀመር ብናሰላ፣ አንዲት ሞለኪውል ብቻዋን የምትለወጥበት አጸግብሮት በሩ 80 ኪሎ ጁል ከሆነ ግማሹ ወደ 12 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል፤ 100 ሲሆን 10 ሰዓት ያህል፣ 120 ሲሆን ግን አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጃል። ወደ ፊት የሚወስደውን አቀበት ከመልሱ አቀበት ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነታቸው በትክክል የሸለቆዎቹ ልዩነት ነው፤ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች የሚያገናኘው ሒሳብ ይኸው ብቻ ነው።

ካታሊስትም፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ አጸግብሮትን የሚያፋጥን ነገር፣ በዚህ ይገባል። ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው ዋሻ ደብረ ብርሃንንም ደብረ ሲናንም ከቦታቸው አላነሣቸውም፤ ለሚሄደውም ለሚመለሰውም አቀበቱን ቀነሰለት እንጂ። ናይትሮጂንና ሃይድሮጂን ሁለት ሞል አሞኒያ ሲሆኑ በ25 ዲግሪ 33 ኪሎ ጁል ያህል ቁልቁለት አለ፤ ያም ሆኖ በፋብሪካ የብረት ካታሊስትና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ሙቀቱ ደግሞ ቁልቁለቱን ወደ አቀበት ስለሚለውጠው በግፊት ይካካሳል። (ዋሻ ስል ምሳሌ ነው፤ ቀላል ቅንጣቶች እንደ ሃይድሮጂን በእርግጥም በሩን ሳይወጡ የሚያልፉበት የኳንተም ዋሻ አለና እንዳይደባለቅብዎ።)

አንድ ነገር ግን ልመን። «ቁልቁለቱ ከበረታ ፍጥነቱም ይበረታል» የሚለው ስሜት ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። ኢቫንስና ፖላኒ እንዳሳዩት፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ባሉ ተመሳሳይ አጸግብሮቶች መካከል ቁልቁለቱ ሲጨምር በሩም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ ኬሚስቱ ማርከስ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለኤሌክትሮን ዝውውር ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ቁልቁለቱ ከልክ ካለፈ በሩ ተመልሶ ከፍ እንደሚል ተነበየ፤ ሚለርና ክሎስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 በሙከራ አሳዩት፣ ማርከስም እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ስለዚህ ዝምድናው የአንድ ቤተሰብ እንጂ የአገር ሕግ አይደለም።

«ማንቂያ ጉልበት» የሚለውን አይጣሉት፤ ሥራ አለው። ስዊድናዊው ኬሚስት አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ፍጥነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚያድግ ሲጽፍ ያወጣው፣ ከሙከራ ውጤት በሚሣል መስመር ዘንበል የሚነበበው መጠን እርሱ ነው። የአይሪንግ የበር ከፍታ ግን ነጻ ጉልበት ስለሆነ ኢንትሮፒን ያካትታል፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር አይደሉም። ስለዚህ ለአሬኒየሱ «ማንቂያ ጉልበት»፣ ለአይሪንጉ «የበር ነጻ ጉልበት» ይበሉ። ለመጀመሪያ ጥያቄዎ እኔ «ቁልቁል የሚሄድ አጸግብሮት» እመርጥ ነበር፤ ነገር ግን «በራሱ የሚካሄድ» የሚለው አነጋገር በመምህራን አፍ ተለምዷል፣ ችኮላም የለበትም፤ እርሱን ይጻፉ።