የትራክ ሳይክሉ የኋላ ጎማ ለምን ወደ ግራ ይሄዳል?

አንድ አባት እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «የ13 ዓመት ልጄ የትራክ ሳይክል (የውድድር ሜዳ ሳይክል) ትነዳለች። ፍሬሙ በእጅ የተሠራ የብረት ፍሬም ነው። ከቆመችበት ተነሥታ በኃይል ስትረግጥ የኋላ ጎማው ወደ ግራ ሄዶ ፍሬሙን ይፈትጋል፤ ካቴናውም ይረግባል። ዳዶውን ደጋግሜ አጠበቅሁ። ጎማም ቀየርኩ። ለውጥ የለም። አምና የፍሬሙ የቀኝ የኋላ ጫፍ፣ ጎማው የሚታሰርበት፣ ተሰንጥቆ በያጅ ጠግኖት ነበር።»

ወንድሜ፣ ሌላ ጎማ አይግዙ። እኔ የምጠረጥረው ያንን ብየዳ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህ ሳይክል ፍሬን የለውም፤ ጎማው ሲዞር ካቴናውና ፔዳሉ አብረው ይዞራሉ። ካቴናው ጥርሱ ላይ እያለ ጎማ እያሽከረከሩ በጨርቅ እንዳይጠርጉ። ጨርቁን ከያዘ ጣትዎን ይዞ ይገባል፣ ይቆርጣልም።

አሁን ወደ ግራው ነገር ልመለስ። ይህን ብዙ ሰው አይረዳውም። ካቴናው ያለው በቀኝ ነው። ልጅቷ ስትረግጥ የፐርኖውን፣ ማለትም የጎማውን መሐል ዘንግ፣ የቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ይጎትተዋል። የቀኙ ጫፍ ጥቂት ከተንሸራተተ የግራው ባለበት ስለሚቀር የጎማው ፊት ወደ ግራ ይዞራል። «ልጅ ናት፣ ምን ያህል ጉልበት አላት?» ይባላል። እስቲ እናስላው። የፔዳሉ ክንድ 165 ሚሊሜትር ነው እንበል። 48 ጥርስ ያለው የፊት ማርሽ ከመሐሉ እስከ ካቴናው 97 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ክንዱ ከማርሹ ስለሚረዝም ፔዳሉ ላይ ያረፈው 50 ኪሎ ካቴናው ላይ ሲደርስ 85 ኪሎ ይሆናል። መሪውን ወደ ላይ እየሳበች ከረገጠች ደግሞ ከራሷ ክብደት በላይ ነው የምትጭነው። የትራክ ፍሬም ጫፍ ክፍት የሆነው ወደ ኋላ ስለሆነ ፐርኖው ወደ ፊት እንዳይሸሽ የሚይዘው ዳዶው ብረቱን መንከሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለልጅ ፍሬም ስሠራ ቱቦውን አቀጥናለሁ እንጂ የኋላውን ጫፍ በጭራሽ አላሳሳም።

ጎማውን ያውጡና ዳዶው ያረፈበትን ቦታ በባትሪ ይዩት። የሮንዴላው (ከዳዶው ሥር ያለው ቀለበት) ጥርስ ሙሉ ክብ ምልክት ትቶ ከሆነ ደህና ነው። ምልክቱ ግማሽ ጨረቃ ከሆነ ዳዶው የያዘው በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ ይሸሻል። በእርስዎ ፍሬም ላይ በቀኝ በኩል ግማሽ ጨረቃ የሚያገኙ ይመስለኛል፤ አጠገቡም ያልተሞረደ የብየዳ ጉብታ።

ከዚያ ካቴናውን አውጥተው ጎማውን ግራ ቀኙን ገልብጠው ይግጠሙት። ጎማው አሁንም ወደ ግራ ካደላ ጠማማው ፍሬሙ ነው። ወደ ቀኝ ከዞረ የጎማው ችግር ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ስፋትም ይለኩ። የትራክ 120 ሚሊሜትር ነው። የቀየሩት ጎማ 130 የሆነ የመንገድ ሳይክል ጎማ ከሆነና በግድ ከገባ፣ ጫፎቹ ተከፍተው ዳዶው በጠርዙ ብቻ ይነክሳል።

ጥገናው ይህ ነው። ጉብታውን በሞረድ ቀስ እያሉ ያስተካክሉ። ዳዶው የሚያርፍበትን ወፍራም ቀለም ያንሱ። ሁለት እኩል የሆኑ ባለ 10 ሚሊሜትር ረጃጅም ቡሎኖች በሁለቱ ጫፎች ከውጭ ወደ ውስጥ አስገብተው በዳዶ ያጥብቋቸው። ቡሎኖቹ መሐል ላይ ጫፍ ለጫፍ ካልተያዩ የፍሬሙ ጫፎች ፊት ትይዩ አይደለም። ፍሬሙ ብረት ስለሆነ የጠመመው ጫፍ በትልቅ ቁልፍ ሳይሞቅ በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል። አልሙኒየም ቢሆን ኖሮ እንዳይነኩት እል ነበር።

ቀለሙ ሲነሣ ከብየዳው አጠገብ ፀጉር የመሰለ መስመር ካዩ ግን ልጅቷ አትንዳው። ቀጭን ቱቦ ላይ ተራ ኤሌክትሮድ የሚያነድ ሰው ያበሳጨኛል። ብየዳው የያዘ ይመስላል፤ አጠገቡ ያለው ብረት ግን ተቃጥሎ ይሰበራል። ያ ጫፍ ተቆርጦ በናስ ወይም በብር ብየዳ አዲስ ይግባለት።

ዳዶውንም ይቀይሩት። ርካሹ ዳዶ ለስላሳ ብረት ነው፤ ጥርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠብቅ ያልቃል። ሮንዴላው አብሮት ያለና ለብቻው የሚዞረውን ይግዙ። በ15 ቁልፍ፣ ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ያጥብቁት።

ካቴናው በጣም በሚጠብቅበት ቦታ መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። ይህን ሲፈትሹ ጎማው መቆም አለበት። ደግሜ እላለሁ፣ በሚዞር ካቴና አጠገብ ጣት አይግባ፤ ልጅቷም ስታጸዳ እንዲሁ። ጥቂት ዙር ነድታ ስትመለስ ዳዶውን እንደገና ይፈትሹትና አዲሱን ምልክት ይዩት፤ አሁን ሙሉ ክብ መሆን አለበት።