ሞገድ የሚውጡ ናኖ ቁሶች፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ባህር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን (የስልክ ኔትወርክ የሚጓዝበትን ዓይነት) ስለሚያግዱ ናኖ ቁሶች፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ (ናኖሜትር) ስለሚለኩ ጥቃቅን ቁሶች፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣውን እነሆ።

ከቡሬ፦ መምህር፣ ሳር ቤት ሳለን ስልኩ ይሠራ ነበር። ቆርቆሮ ካለበስነው ወዲህ ኔትወርክ የለም። ምን ሆኖ ነው?

ቆርቆሮ ብረት ስለሆነ ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ደረቅ ሳር ያሳልፈዋል። ስልኩን መስኮት አጠገብ ያድርጉት አባቴ።

ከደጀን፦ ብረት ካገደው ናኖ ለምን አስፈለገ?

አንተ ለአባይ በረሃ ቅርብ ነህ። አፋፉ ላይ ቆመህ ተጣራ፤ ገደል ማሚቶው ድምፅህን ይመልስልሃል። ጭድ ክምር ውስጥ ገብተህ ብትጮህስ? ድምፁ እዚያው ይቀራል። ብረት እንደ ገደሉ ነው። የመለሰው ሞገድ ሄዶ ሌላውን መሣሪያ ይረብሻል። የምንፈልገው ጭዱን ነው፦ ሞገዱ ገብቶ፣ ኤሌክትሮኖችን ገፍቶ፣ ሙቀት ሆኖ እንዲቀር። ለዚህ ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርበን ንጣፍ)፣ የካርበን ናኖ ቱቦና የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ይቀላቀላሉ። ደግሞ ከብረት ይቀላሉ።

ከደብረ ማርቆስ፦ የእናቴ ማድቤት ጥቀርሻ ናኖ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው እህቴ! ጣትሽን ግድግዳው ላይ አሽተሽ እዪው። ያ ጥቁር ዱቄት ሲበታተን ቅንጣቶቹ በአስርት ናኖሜትሮች የሚለኩ ናቸው። የእሱ ዘመድ ካርበን ብላክ በፋብሪካ ተሠርቶ ከፕላስቲክ ጋር ይደባለቃል። ቁም ነገሩ ግን መነካካት ነው። ቅንጣቶቹ ተራርቀው ከቀሩ ፕላስቲኩ ያው ፕላስቲክ ነው። መጠናቸው ጨምሮ እርስ በርስ ሲነካኩ ግን ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ሞገዱንም ያግዳል። ናኖ ቱቦ የሚወደደው ለዚህ ነው። ጭቃ ስታቦኪ ጥቂት ጭድ ከዳር እስከ ዳር እንደሚጠላለፍ ሁሉ፣ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ከዚሁ ከባህር ዳር፦ አሁን ግንባር ቀደሙ የቱ ነው?

ማክሲን የሚባለውን፣ እንደ ታይታኒየም ያለ ብረትና ካርበን የተነባበሩበትን እጅግ ስስ ቁስ ተመልከት። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ፣ ድሬክሴል ዩኒቨርሲቲ ተገኘ። በ2016 በ45 ማይክሮሜትር ውፍረት፣ ማለትም በፀጉር ውፍረት ገደማ፣ 92 ዴሲቤል (የማገድ አቅም መለኪያ ነው) እንዳገደ ታተመ። 20 ዴሲቤል ማለት ከመቶው አንዱ ብቻ ያልፋል። 90 ሲሆን ከቢሊዮን አንድ! ችግሩ እርጥበት አይስማማውም፤ ቀስ በቀስ ይበላሻል። በጣና ዳር አየር እንዴት ይቆያል የሚለው ለእኛ ተማሪዎች ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስልክ ጀርባ የሚለጠፈው የጨረር መከላከያ ስቲከርስ?

ገንዘብሽን አታውጪ። ከስልኩ ጥቂቱን ብቻ ስለሚሸፍን ሞገዱ በሌላው በኩል ይወጣል። ብዙ ቢሸፍን ደግሞ ስልኩ ታወሩን ለማግኘት ኃይሉን ይጨምራል፤ ባትሪሽም ቶሎ ያልቃል።