መልስ፦ ልምድ ሳይኖረኝ ወደ ስራ አውደ ርዕይ ልሂድ?

ወንድሜ፣ «ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አራተኛ ዓመት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፣ ልምድ የለኝም፣ አዲስ አበባ ድረስ ለኮንፈረንስና ለስራ አውደ ርዕይ መሄድ ያዋጣል ወይ?» ብለሃል። በደንብ ያዋጣል፣ ሂድ። እንዲያውም ከምርቃት በፊት መሄዱ ይሻላል፤ ኢንተርንሺፕ የሚገኘውም እዚያ ነው።

ልምድ የለኝም ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ጅማ እየተማርክ ማሽን አላየህም? ሲቪህ ላይ «ታታሪና በቡድን መስራት የምችል» የሚለውን አውጣው፣ ሁሉም ይጽፈዋል። በምትኩ የነካኸውን ስራ ጻፍ። ለምሳሌ የእሸት ቡና መፈልፈያ (የቀይ ቡናን ልጣጭ የሚገፍ ማሽን) አይተህ ከሆነ፣ ቡናው የሚያልፍበት ክፍተት ሲጠብ ፍሬው ይሰበራል፣ ሲሰፋ ደግሞ ቡናው ሳይፈለፈል ያልፋል። ይህንን እንዴት እንደለካችሁና እንዳስተካከላችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ፣ ጠረጴዛው ጋ ያለው ኢንጂነር ቀና ብሎ ያይሃል። ላብራቶሪ ውስጥ የሰራኸውም፣ የሴሚስተር ፕሮጀክትህም ይቆጠራል።

«ክፍት ቦታ አላችሁ?» ብለህ አትጀምር። «ጥገና ላይ በጣም የሚያስቸግራችሁ የቱ ማሽን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ወሬው ከዚያ ራሱ ይቀጥላል።

የኮንፈረንሱን ስልጠናዎችም አትዝለል። ብዙ ተማሪ ሲቪ በትኖ ይወጣል፤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ተናጋሪዎቹን ጠጋ ብሎ ማውራት የሚቻለው ከመድረክ ሲወርዱ ነው።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዋዜማው ግባና እረፍ። ቢዝነስ ካርድ ሲሰጡህ ጀርባው ላይ ያወራችሁትን ጻፍ፣ ማታውኑ አጭር ኢሜይል ላክ። ሲቪህን እዚህ ብትለጥፈው ደግሞ አይቼ አስተያየት እሰጥሃለሁ፤ ስልክህንና አድራሻህን ግን አጥፋው።