ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት፦ መሣሪያው የሚያነበውና የማያነበው

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከደጀን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። በእድራችን በኩል ገንዘብ አዋጥተን ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር ተስማምተናል። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው አነጋግረውናል። አንደኛው በእጅ የሚያዝ፣ አንቴና ያለው መሣሪያ ይዞ የውሃውን ቦታ፣ ጥልቀትና ብዛት በግማሽ ቀን እነግራችኋለሁ ይላል። ሁለተኛው በሽቦና በብረት ካስማ የሚሠራ ሲሆን ዋጋው እጥፍ ነው፤ እንዲያም ሆኖ እርግጠኛ መልስ አይሰጥም። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ በባላ እንጨት ውሃ የሚያገኝ ሰው እናውቃለን ይሉናል። ማንን እንመን?

መልስ፦ እርግጠኛ መልስ የማይሰጠውን እመኑ። ከምድር በላይ ሆኖ ከጉድጓዱ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ የለም። የውሃው ብዛት የሚታወቀው ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ተጠርጎና ፓምፕ ገብቶለት ለብዙ ሰዓታት ሲፈተሽ ነው፤ ስለዚህ ይህንን በግማሽ ቀን እነግራችኋለሁ ያለው ሰው በሌላውም ቃሉ ሊታመን አይገባም። በእጅ የሚያዙት ባለ አንቴና መሣሪያዎች አሠራር ከባላው እንጨት አይለይም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ያዡ ራሱ ልብ የማይለው የእጅ አንጓ ዘንበል ማለት ነው። ባላ እንጨት የሚይዙ ሰዎችም ውሃው የት እንዳለ ሳያውቁ በጥንቃቄ ሲፈተኑ ውጤታቸው ከግምት አልተሻለም። አንዳንዴ የሚሳካላቸው ውሃ በሰፊው በተኛበት ምድር የትም ቢቆፈር ስለሚገኝ ነው፤ የእናንተ አካባቢ ግን እንዲያ ያለ ምድር አይደለም።

ሁለተኛው ባለሙያ የሚሠራበት ዘዴ ሬዚስቲቪቲ ይባላል። መሠረቱን የጣለው ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርገር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1912 ነበር፤ በእርሱ ስም የሚጠራው የካስማ አደራደር ዛሬም በአገራችን የውሃ ጥናት በስፋት ይሠራበታል። አራት ካስማዎች በአንድ መስመር ይተከላሉ፤ በውጪዎቹ ሁለት በኩል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይለቀቃል፣ በውስጠኞቹ ሁለት መካከል ደግሞ የቮልቴጁ ልዩነት ይለካል። በሚያዝያ ደረቅ መሬት ላይ ረዳቶቹ ካስማውን በመዶሻ ከመቱ በኋላ ከጀሪካን ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ሥሩ ሲያፈሱ ብታዩ እንዳይገርማችሁ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት በደንብ እንዲገባ የሚደረግ ነው። የውጪዎቹ ካስማዎች በተራራቁ ቁጥር ንባቡ ይበልጥ ጥልቅ የሆነውን ዐለት ይወክላል። እስከ 100 ሜትር ጥልቀት ያለውን ዐለት ለማወቅ በሁለቱ ጫፍ ካስማዎች መካከል 400 ሜትርና ከዚያ በላይ ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 50 ሜትር ዘርግቶ ስለ 200 ሜትር ጥልቀት የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ ክፍያውን አቁሙ።

ታዲያ ይህም ቢሆን መሣሪያው ውሃን አያይም። የሚለካው ዐለቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው፤ የመለኪያው አሃድም ኦም ሜትር ይባላል። ስንጥቅ የሌለው ወጥ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ዐለት) ከብዙ መቶ እስከ ሺህዎች ይደርሳል፣ ተሰነጣጥቆ ውሃ የያዘው በአስሮች ወይም በመቶ ቤት ይገኛል፣ እርጥብ የሸክላ አፈር ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 በታች ይወርዳል። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ «እዚህ ውሃ ሊኖር ይችላል» የሚለው ባለሙያው ሲሆን፣ የምትከፍሉትም በዋናነት ለዚህ ፍርዱ ነው። ፍርዱ የሚቃናው ደግሞ የአካባቢውን ዐለት ሲያውቅ ነው።

የደጀን አፋፍ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደራራቢነት ከፈሰሰ ባዛልት ነው። ውሃ በውስጡ የሚገኘው በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ባለው የበሰበሰና የተሰነጣጠቀ ንብርብር ነው። ችግሩ ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ጠልቆ መቆረጡ ነው፤ ወደ አፋፉ በተጠጋችሁ መጠን ውሃው በገደሉ ፊት ምንጭ ሆኖ ስለሚወጣ የሜዳው የውሃ ወለል ወደ ታች ይርቃል። ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋ ድንጋይ አሉ፤ ጂፕሰም የነካው ውሃ ሰልፌት ስለሚበዛበት መራራ ይሆናል። ስለዚህ ጥልቀት በጨመረ ቁጥር የተሻለ ውሃ ይገኛል የሚለው አስተሳሰብ በእናንተ ዘንድ አይሠራም።

ባለሙያውን ከመቅጠራችሁ በፊት፣ በአቅራቢያችሁ ቀድሞ በተቆፈረና የቁፋሮ መዝገቡ በሚታወቅ ጉድጓድ አጠገብ አንድ ልኬት እንዲያደርግ ጠይቁት። መዝገቡ ምን ዐለት በስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ ስለሚናገር ንባቡ የሚነጻጸርበት ነገር ያገኛል፤ ይህንን የማያደርግ ጥናት ጎዶሎ ነው። ልኬቱን ከአፋፉ ርቆ፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከተቀበረ የብረት ቱቦም ገለል ብሎ ያድርግ። ጥሬ ቁጥሮቹንም አስረክቧችሁ ይሂድ፤ ነገ ሌላ ሰው ሊያነባቸው ይችላል። ሽማግሌዎቻችሁ ከባላው እንጨት ይልቅ የትኛው ምንጭ በየትኛው ድርቅ እንዳልነጠፈ፣ ቄጤማ በበጋ የት እንደሚለመልም ቢነግሩት ከብዙ ልኬት ይበልጣል። ጥናቱ አጥጋቢ ቦታ ካላመለከተ ደግሞ የተዋጣውን ገንዘብ በገደሉ ጫፍ ላለው ምንጭ ማጎልበት ማዋሉን አስቡበት። በእኔ ግምት እንዲያውም ጥናቱ ሳይጀመር በእድሩ ስብሰባ መነሣት ያለበት አማራጭ ነው።

ጥያቄ፦ ከመራዊ አካባቢ ነው የምጽፈው። ባለፈው ዓመት በሽቦና በካስማ ጥናት ተደርጎልን፣ በ40 ሜትር ላይ «ንባቡ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው ብዙ ነው» ተባልን። ሲቆፈር የወጣው ግን የሚያጣብቅ ቀይ ጭቃ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር?

መልስ፦ መሣሪያው ደኅና የነበረ ይመስላል፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው። «ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃ ነው» የሚለው አነጋገር በሙያው ውስጥ ካሉት ስህተቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ነው። ሸክላ እርጥበት ይይዛል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ውሃውን ለጉድጓድ አይለቅም። በባዛልት ፍሰቶች መካከልም በጥንት ዘመን አፈር የነበረ፣ ኋላ በላዩ ላይ እሳተ ገሞራ የፈሰሰበት ቀይ ሸክላ ይገኛል፤ እናንተ ያወጣችሁት እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከጣና ደቡብ ያለው ምድራችሁ ከደጀኑ ይለያል። ከመራዊ እስከ እንጅባራ ባለው አካባቢ ወጣት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት አለ፤ የዘንገና ሐይቅም የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ይህ ቀዳዳ የበዛበት ዐለት ዝናብን እየጠጣ በየሥፍራው ምንጭ አድርጎ ያወጣዋል፤ የባሕር ዳር ከተማም ለረዥም ጊዜ የጠጣችው ከእንዲህ ዓይነት ምንጮች ነው። እዚህ ሊፈለግ የሚገባው ዝቅተኛው ሳይሆን መካከለኛው ንባብ፣ በተለይም ከላይም ከታችም ከፍ ባለ ንባብ የታጠረው ነው። ተስፋ ሳትቆርጡ ያንኑ ልኬት ለሌላ ሃይድሮጂኦሎጂስት (የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ) አሳዩት፤ የቁፋሮው መዝገብ አሁን በእጃችሁ ስላለ ሁለተኛው ትርጉም ከመጀመሪያው መሻሉ አይቀርም።

አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄደውና ባለ ቀለም ምስል የሚያወጣው አዲሱ መሣሪያስ ለምትሉ፦ የምድርን የተፈጥሮ ኤሌክትሪክና ማግኔታዊ ሞገድ ስለሚለካ ከባለ አንቴናው ጋር አይመደብም። ሆኖም በምስሉ ላይ የሚጽፈው ጥልቀት ከሞገዱ ፍሪኩዌንሲ የተገመተ እንጂ የተለካ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መስመር በቀረበበትም በቀላሉ ይታወካል። የውሃውን ሃይድሮጂን ራሱን የሚያነብ ማግኔቲክ ሬዞናንስ የተባለ ዘዴም አለ፤ ዋጋው ውድ ከመሆኑ ሌላ ባዛልታችን ብረት አዘል ስለሆነ ንባቡን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም በግቢዬ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ ላስቆፍር ነው። ፈቃድና ጥናት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድን ከፈቃድ ነፃ አድርጎታል። በሪግ (በመቆፈሪያ ማሽን) የሚቆፈር ቢሆን ግን ፈቃድ ያስፈልግዎታል፣ ቆፋሪውም የሙያ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ለእጅ ጉድጓድ የጂኦፊዚክስ ጥናት (ከላይ እንዳየነው በመሣሪያ የሚደረገውን) ማስጠናት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የጎረቤቶችዎን ጉድጓዶች በሚያዝያና በግንቦት ገመድ አውርደው ይለኩ፣ ያ ይበቃዎታል። ቁፋሮውንም በእነዚያው ወራት ያስጀምሩ፤ በመስከረም የተገኘ ውሃ በበጋ ሊከዳ ይችላል። ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከበላዩም እንጂ ከበታቹ አይሁን። ውሃ ለመቅዳት በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ በፍጹም እንዳይወርድ፤ ጭሱ ከታች ያለውን ቆፋሪ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ሊያወጣው የወረደውንም ይጨምራል።