የፋብሪካ ፍሳሽ ከከተማ ፍሳሽ ጋር ሲቀላቀል

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ፍሳሽ ከቤት ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ በከተማው ማጣሪያ ጣቢያ የሚጣራ ከሆነ፣ ፋብሪካዎች በየግቢያቸው ቅድመ ማጣሪያ እንዲሠሩ የሚጠየቁት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአብዛኛው የከተማ ማጣሪያ ጣቢያ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 በማንቸስተር ይፋ በሆነው ዘዴ፣ አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ የፍሳሹን ቆሻሻ እየተመገቡ ይራባሉ፤ በኋላም በዝቃጭ መልክ ከውሃው ይለያሉ። የመጸዳጃ ቤትና የወጥ ቤት ፍሳሽ ምግባቸው ሲሆን፣ ሳያናይድ፣ ፌኖል፣ መዳብ፣ ኒኬልና ክሮሚየም ግን መጠናቸው ሲበዛ ይፈጇቸዋል።

በቀላሉ ከሚጎዱት መካከል አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይገኙበታል። እነዚህ የሚራቡት በዝግታ ስለሆነ፣ በአንድ ሌሊት የተለቀቀ መርዛማ ፍሳሽ ካጠፋቸው ተመልሰው እስኪበዙ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እስከዚያው አሞኒያው ሳይለወጥ ወደ ወንዝ እየገባ ዓሣዎችን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዓሣዎቹን የጨረሳቸው ከየቤታችን የወጣው አሞኒያ ሆኖ ሳለ፣ የጥፋቱ መነሻ ግን የፋብሪካው ኬሚካል ሊሆን ይችላል። ይህ ግንኙነት በቂ ትኩረት አለማግኘቱ በእጅጉ ያሳስበኛል።

ባክቴሪያዎቹ ቢተርፉም ከባድ ብረቶች አይበሰብሱም። ከውሃው የወጣው ብረት በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል፤ ለማሳ ማዳበሪያ ሊሆን ይችል የነበረውም ዝቃጭ አፈር የሚበክል ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ኬሚካል ደግሞ በማጣራቱ ሂደት ይብሳል፤ ለምሳሌ በጨርቃ ጨርቅ እጥበት ያገለግል የነበረው ኖኒልፌኖል ኢቶክሲሌት ሲፈራርስ፣ ለውሃ እንስሳት ይበልጥ መርዛማ የሆነውን ኖኒልፌኖልን ይተዋል።

ቅድመ ማጣሪያ የሚያስፈልገው ኬሚካሉ ገና ሳይቀላቀል ለመያዝ ነው። ብረት በክሮሚየም በሚለበጥበት ፋብሪካ የፍሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ወደ 2 ወይም 3 ዝቅ ተደርጎ ሶዲየም ባይሰልፋይት የተባለ ኬሚካል ሲጨመርበት፣ ሄክሳቫለንት የሚባለው መርዛማ የክሮሚየም ዓይነት መርዛማነቱ አነስ ወዳለው ትራይቫለንት ክሮሚየም ይለወጣል። ከዚያም በኖራ ፒኤቹ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ሲል ክሮሚየሙ ይዘቅጥና ለብቻው ይወገዳል። ሳያናይድ ያለበት ፍሳሽ ከዚህ አሲድ ጋር ከተገናኘ ገዳይ ጋዝ ስለሚያመነጭ፣ መስመሩ ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት። ፍሳሹ ከከተማው ውሃ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግን ያን ሁሉ ውሃ አሲድ አድርጎ መልሶ በኖራ ማስተካከል አይሞከርም። በዚህም ምክንያት የብክለት ልኬቱ መወሰድ ያለበት ፍሳሹ ከፋብሪካው በሚወጣበት ቦታ ነው፤ የሌሊቱም ፈረቃ ፍሳሽ ከናሙናው ሊቀር አይገባም።